ወደ ገዳሪፍ የሚላክ ድምፅ

በሽር የጭነት መኪናውን አስነስቶ መቅረጫ ቤቱ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። የሚያደርሰውን ሲዲ ቶሎ ካልሰጡት ጥሎ ሊሄድ ነው፤ የመተማ ኬላ ከተዘጋ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የሚገባው በነጋታው ነዋ።

ምስጋና ግን ገንዳ ውሃ ከተማ ካለችው መቅረጫ ክፍሉ ተቀምጦ የድምፅ መጠን ማስተካከያዋን ቁልፍ ያሽከረክራል። ላብ አጥምቆታል። ድሮም መምህርት አየሁሽ ስትመጣ እጁ አያርፍለትም።

አየሁሽ የተማሪዎቿን መዝሙር ልታስቀዳ ሁለት ዓመት ስትመላለስ፣ እሱ «ሻይ ልጋብዝሽ» ማለት አቅቶት ኖሯል። ወንድ ተብዬ! ዛሬ የመጣችው ግን እሺታዋን ልታስቀዳ ነው። አጎቷ ገዳሪፍ ለሚሠራው መካኒክ ለያረጋል ሊድሯት ቃል ገብተዋል። ያረጋል ደግሞ «ደብዳቤማ አጎቷም ያስጽፉታል፤ ከራሷ አፍ ልስማ» ብሎ ድምፅዋን ጠይቋል።

«እስቲ ለሙከራ ተናገሪ፤ የድምፅሽን ልክ ልያዝ።»

«አንድ! ሁለት! ኸረ ይህ ክፍልህ ያፍናል!»

ኮምፒዩተሩ ላይ አረንጓዴዋ መስመር ዘላ ቀዩን ነካች። ቀዩን ከነካ ድምፁ ይሰነጣጠቃል፤ በኋላ በምንም አይጠገንም። ምስጋና ቁልፏን መለስ አደረጋት።

«በይ ዋናውን።»

«ያረጋል... እሺ ብያለሁ...»

መስመሯ ንቅንቅ አላለችም። ቁልፏን ከፍ አደረገ። አሁን ደግሞ የማራገቢያው ጉርምርምታ፣ የውጭው ትራክተር፣ የራሱ ትንፋሽ ሳይቀር ተግተልትሎ ገባ፤ የሷ ቃል ብቻ የለም። ማራገቢያውን አጠፋው።

«ጮክ በይ እንጂ! ያረጋል የሚሰማው ትራክተር ሊሆን ነው።»

«እንደሆነ አድርገህ ላክለት። አንተን ምን አስጨነቀህ?»

«እንደሆነ አድርጌ አልልክም! እሺ ካልሽ እሺታሽ ይሰማ።»

«አታዋክበኝ!»

«እኔ ነኝ ያዋከብሁሽ? አንጀቴ እያረረ የሰው እሺታ የምቀዳ?»

ካለው በኋላ አፉን ያዘ። ጥሩምባው እንደገና ተነፋ።

«ምን አልህ?» አለች አየሁሽ ቀስ ብላ።

«እወድሻለሁ አልሁ። ይኸው ወጣልኝ። አሁን የመጣሽበትን ተናገሪ፤ አሳምሬ እቀዳልሻለሁ።»

አየሁሽ አፈጠጠችበት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ተቆጥታለች። «በየሳምንቱ መዝሙር የሚያስቀዳ ትምህርት ቤት የት አይተህ ታውቃለህ? አንተ ደንቆሮ!»

እሷ ማይክራፎኑን ወደ አፏ ሳበችው።

«ያረጋል ወንድሜ፣ ይኸው ከራሴ አፍ ስማ። ክፉ አላየሁብህም፤ ግን አልመጣም። ልቤ እዚህ ነው። ለአጎቴም ዛሬውኑ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

አልጮኸችም፣ አላንሾካሾከችም። መስመሯ ከቀዩ ዝቅ ብላ እስከ መጨረሻው ተረጋግታ ሄደች። ምስጋና እንዲህ ያማረ ድምፅ ቀድቶ አያውቅም። የቀዳ መስሎት ነው እንጂ! መቅጃውን መጫን ረስቶታል።

«አየሁሽ...»

«ምነው?»

«አልቀዳሁትም።»

በዚህ መሀል በሽር በሩን በርግዶ ገባ። «ያላ! ሲዲው የታለ? ኬላው ሊዘጋ ነው!»

ምስጋና መሬት ብትውጠው በወደደ። እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ሁለት ጊዜ ይወጣል? ሰው በሰማበትስ ትደፍረዋለች?

አየሁሽ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ተቀመጥ በሽር፤ ሁለት ደቂቃ ናት» አለችው። ወደ ምስጋናም ዞራ «በል ተጫን» አለች።

ተጫነ። አንድ ቃል ሳታጎድል ደገመችው። «ልቤ እዚህ ነው» የምትለው ጋ ስትደርስ ግን፣ በሽር ቁጭ ብሎ እየሰማት፣ «ምስጋና ዘንድ» ብላ ስሙን ጨመረችበት።