ዝናቡ የራቀበት ደቂቃ

ቴዎፍሎስ ሞቶ የተገኘው የቄስ ካባ እንደለበሰ ነው። ካባው የቡድኑ የቴአትር ልብስ ነበር። በደባርቅ የወጣቶች አዳራሽ፣ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ የአልባሳት ክፍል ውስጥ የልብስ ክምር ተደግፎ ሲያዩት፣ ሕልም የያዘው እንጂ የሞተ አይመስልም። እግሩ ሥር የከሰል ምድጃ አመድ ለብሷል። መስታወቱ ከረገፈ የቆየው ብቸኛው መስኮት በአሮጌ መጋረጃ ተወትፏል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ጓደኞቹ አሥር ሰዓት ላይ ሰብረው ገቡ።

ኢንስፔክተር ሠርካለም የዝናብ ልብሷን ሳታወልቅ ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየች። ቶሎ የምትናገር ሴት አይደለችም።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አሉ የቡድኑ አዘጋጅ ጋሽ ገዱ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሹ። «እጮኛው ባለፈው ወር ትታዋለች። በሩን ቀረቀረ፣ መስኮቱን ወተፈ፣ ከሰል አነደደ። ምን ይቀራል?»

«መስኮቱ ይቀራል» አለች ሠርካለም። ወደ መስኮቱ ተጠግታ የብረቱን ፍርግርግ በጣቷ ነካችው። ከዚያም ባትሪው ያለቀ ስልክ ከመደርደሪያው ላይ አነሳች። ስልኩ በአፍ ቁመት ልክ ከሳንቃው ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ካልሲም ተጠልቆበታል።

አመሻሹ ላይ የሟቹ አባት ቄስ ሀብተ ሚካኤል ከዳባት በሚኒባስ ደረሱ። የልጃቸውን ፊት አዩና ነጠላቸውን አጣፉ። አላለቀሱም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሏት። «በገዛ እጁ ከሆነ ፍትሐት የለውም። አባቱ ብሆንም አልፈታውም። ነገ በስድስት ሰዓት ይቀበራል። በጸሎት ነው ወይስ ያለ ጸሎት?»

«እስከ ጠዋት ይስጡኝ፣ አባ።»

«ይህን ሥራውን ጠልቼበት ነበር። ሰባት ዓመት መድረክ ላይ ሲቆም አንድ ቀን አላየሁትም» አሉ።

ሠርካለም መጀመሪያ የጠየቀችው ልብስ ሰፊዋን ስጦታን ነው።

«ይህን ካልሲ ማን አጠለቀው?»

«እሱ ነዋ! ድምፅ ሲቀዱ ትንፋሽ እንዳይገባ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ቆርቆሮው ስለሚጮህ አንዱ ከውጭ መስኮቱን ይወትፍላቸዋል። ግን ምድጃ ሳይወጣ መስኮት አይወተፍም፤ ሕጋችን ነው። አምና እኔው ራሴ እዚያ ውስጥ አዙሮኝ ወድቄ፣ ተዋናያችን ደርቤ ነው ተሸክሞ ያወጣኝ። ሁለት ቀን ድምፄ ተዘግቶ ከረመ።»

«ምን ነበር የሚቀዳው?»

«የጎንደሩን የሬዲዮ ድራማ። የሽማግሌ ቄስ ሚና ነው። ከእኛ የሚወስዱት አንድ ሰው ነው፤ የቀሩት እሱና ደርቤ ነበሩ። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ድምፁን ያልላከ ቀረበት። ደርቤማ ጠዋት ልኳል። እሱ ገና ስምንት ሰዓት ላይ ነው ሊቀዳ የገባው።»

«አንቺ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«እጮኛው ከነበረችው ከሕሊና ጋር የመድረክ ካኪ ስተኩስ። ደርቤ መድረክ ላይ ሲፎክር እንሰማ ነበር። ዝናቡ ሲያይል እንኳን የሱን፣ የራሴንም ድምፅ አልሰማም።»

ጋሽ ገዱ በዚያ ሰዓት በአዳራሹ በር ላይ በባጃጅ ነጂው በይግዛው ባጃጅ ውስጥ ተጠልለው ነበር፤ ይግዛውም መሰከረ። «ስለ ደመወዝና ስለ መንግሥት አደነቆሩኝ፤ ዝናቡ ሲያባራ ነው የተገላገልኩት» አለ።

ደርቤ ትከሻው የሰፋ፣ ሳቁ የቀረበ ልጅ ነው። ፊደል የቆጠረው ከቴዎፍሎስ ጋር፣ ከቄስ ሀብተ ሚካኤል እግር ሥር ነው።

«ምድጃውን ማን አነደደለት?»

«እኔ። ብርድ አይችልም። መስኮቱ ክፍት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ወደ መድረክ ወጣሁ። ዝናቡ እስኪያባራ አንዴም ሳላቋርጥ ፉከራ ተለማመድኩ።»

«ውጭ አልወጣህም?»

«ምን ልሠራ? እንደ ዶሮ ልበስብስ?»

በመጨረሻ ስልኩን ቻርጅ አድርጋ ለሕሊና ሰጠቻት። «ቁልፉን ታውቂዋለሽ?»

ሕሊና ቁጥሮቹን ነካች። ስልኩ ተከፈተ። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«የልደቴ ቀን ነው» አለች። «አልቀየረውም።»

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቄሱ ፊት ለፊት፣ የልጃቸው መድረክ ሥር ነበሩ። ሠርካለም ቆማ ተናገረች።

«የመጋረጃው ጥቅል ከፍርግርጉ ውጭ ነው። ወደ ውስጥ የገባው ጫፉ ብቻ ነው። ያን የሚያህል ጥቅል በዚያ ፍርግርግ መሐል ከውስጥ ወደ ውጭ አይወጣም። ስለዚህ መስኮቱን የዘጋው ቴዎፍሎስ አይደለም።»

ቄሱ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«በሩን የቀረቀረው ለምንድን ነው? ሲቀዳ ሰው እንዳይገባበት። ስልኩ ባትሪው እስኪያልቅ ቀድቷል። ስሙ።»

መጀመሪያ የተሰማው የዝናብ ውርጅብኝ ነው። በሳንቃው ግድግዳ በኩል የደርቤ ፉከራ ይመጣል። ከሁሉም በላይ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ከጉሮሮው እየጎተተ፣ «የኔ ልጅ፣ ደጅ አትቁም፤ ግባ» ይላል።

ቄሱ ብድግ አሉ። «ይህ እኮ እኔ ነኝ!»

«አዎ፣ አባ። እርስዎን ነበር የሚጫወተው።»

ፉከራው ተቋረጠ። ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ ድንገት ራቀ። የሽማግሌው ድምፅ ቀረና ቴዎፍሎስ በራሱ ድምፅ ሳቀ፦ «ኧረ ተባረኩ! ምድጃውን ይችን ጨርሼ አወጣለሁ።» ወዲያው ፉከራው ቁና ቁና እየተነፈሰ እንደገና ጀመረ። «ይሄ ልጅ ደግሞ!» አለ ቴዎፍሎስ፣ እንደ ሳቀ።

ሠርካለም ስልኩን አጠፋችው። የቀረውን ልታሰማቸው አልፈለገችም።

«ስጦታና ሕሊና አብረው ነበሩ፤ ጋሽ ገዱ ከይግዛው ጋር። ፉከራው ሲቆም መስኮቱ ተዘጋ፤ የዝናቡ ድምፅ የራቀው ለዚህ ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ ፉከራው ተመለሰ። ምድጃው ውስጥ መኖሩን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ያነደደው ነው። ደርቤ፣ አንዴም አላቋረጥኩም ያልከኝ ለምንድን ነው?»

ደርቤ ሊስቅ ሞከረና ፊቱ ፈረሰ።

«እንዲያዞረው ብቻ ነበር» አለ። «እንደ እትዬ ስጦታ… ድምፁ እንዲዘጋ፣ ሰዓቱ እንዲያልፍበት። ይወጣል ብዬ ጠበቅኩት። ስፎክር በሩን ነበር የማየው። አልወጣም።»

«ለምን አልከፈትክለትም?» ሕሊና ጮኸች።

«አሥር ሰዓት እስኪሆን ነው የጠበቅኩት!»

ውጭ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ደርቤ ከአግዳሚው ወርዶ ቄሱ እግር ሥር ተደፋ።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ።»

ቄስ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

«ዛሬ ልጄን ነው የምፈታው» አሉ። «ላንተ የምጸልይበት አፍ ገና አልተሰጠኝም።»

መስቀላቸውን መልሰው ወደ በሩ አመሩ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙና፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ «ያ ድምፅ… እውነት እንደዚያ ነው የምናገረው?» ብለው ጠየቁ።

«እንደዚያ ነው፣ አባ» አለች ሕሊና። ጥላዋን ዘርግታ ተከተለቻቸው።