ከእማዬ ክፍል የሚመልሰው ድምፅ

የዚህ ቻናል ቤተሰቦች፣ ይሄ ከሰው ሰምቼ ያሳመርኩት ተረት አይደለም። የራሴ እህት ላይ የደረሰ ነው፤ መጨረሻውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጆቼን አሳድጌ የጨረስኩ፣ ጸሎቴን የማላስታጉል ሴት ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ በውሸት ከፈጣሪዬ ጋር አልጣላም።

ሰዓቱ ሁልጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ቦታው የእህቴ ቤት... አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ ክፍል፣ በመሀላቸው ጠባብ ኮሪደር።

"ንገሪያቸው" ያለችኝ እሷው ናት። "እንደኔ ሌሊቱን የሚፈራ ሰው አይጠፋም" ብላ።

እህቴን ቤት ውስጥ ሚጡ እንላታለን። የመጨረሻ ልጅ ናት። ይኸው መነጽር ማድረግ ጀምራ እንኳ ሚጡ ናት።

የምትሠራው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። "ክቡራን መንገደኞች፣ ወደ ሁለተኛው በር" የምትለዋ ድምፅ የሷ ናት።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ማይክ ላይ ተጥዳ አትለፈልፍም። አንድ ጊዜ ትቀዳዋለች፣ ከዚያ ማሽኑ ይደጋግመዋል። እሷ ከታች ትኬት ትቆርጣለች፣ ድምፅዋ ከላይ ይናገራል።

"ሽማግሌዎቹ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና ብለው 'ተባረኪ ልጄ' ይሉታል" እያለች ታስቀን ነበር።

የመናኸሪያው ቴክኒሻን ቀልደኛ ነው። "ሰው ድምፅ ከሰማ ይበቃዋል" ይላታል። "ማን እንዳለ ማን ያጣራል።"

ይቺ ቀልድ ነች ጉዷን ያመጣችው።

እናታችን የምትኖረው ከሚጡ ጋር ነበር። እኔ ባል አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ቤቴ ሩቅ ነው እያልኩ ሸክሙን ለሷ ጥዬላት ነበር። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። በቃ።

እማዬ አባታችን ካረፈ ወዲህ ሌሊት ያስጨንቃታል። ቀን ደህና ናት፤ ትስቃለች፣ ሰው ታማለች። ሲመሽ ግን ጨለማው መጥቶ ደረቷ ላይ ይቀመጣል።

"ሚጡ... አለሽ?"

"አለሁ እማዬ። ተኚ።"

ይቺን ከሰማች ትተኛለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትባንናለች።

"ሚጡ... አለሽ?"

እንዲህ ሲባባሉ ይነጋል። ሚጡ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ሥራ መግባት አለባት። ዓይኗ ደፈረሰ። ትኬት እየቆረጠች ታንቀላፋ ጀመር። አለቃዋ አንድ ቀን ጠርቶ "ለመተኛት ከሆነ ቤትሽ ይሻላል፤ ከዚህ በኋላ አልታገስሽም" አላት።

የዚያን ቀን ማታ አሮጌ ስልኳን ከመሳቢያ አወጣች።

ቴክኒሻኑ አንድ ፕሮግራም ጫነላት። ስልኩ አጠገቡ ድምፅ ሲሰማ የተቀዳውን ይመልሳል። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም።

ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ልክ እንደ ሥራዋ ድምፅዋን አሳምራ ቀዳችው።

"አለሁ እማዬ። ተኚ።"

ከእማዬ አልጋ ማዶ፣ መጋረጃው ጀርባ ደበቀችው።

ሠራ።

እማዬ ትጠራለች፣ ስልኩ ይመልሳል፣ እማዬ ትተኛለች። ሚጡም በሯን ዘግታ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛች።

ጠዋት እማዬ ፊቷ በርቶ ጠበቀቻት። "ዛሬስ ድምፅሽ ቅርብ ነበር" አለቻት። "አጠገቤ ያደርሽ ነው የመሰለኝ።"

ሚጡ እውነቱን ልትነግራት አሰበች። ግን እንቅልፍ ከማር ይጥማል... ቀጠለችበት።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች።

ሚጡ ሌሊቱን ምንም አልሰማችም። ጠዋት ስትገባ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ጫማ አጥልቋል፣ አንዱ ባዶ ነው። ሰውነቷ ቀዝቅዟል።

ፊቷ ወደ በሩ አልነበረም።

ወደ መጋረጃው ነበር።

ሚጡ ስልኩን አነሳችው። ማታ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ነው ያስቀመጠችው።

ጠፍቷል።

እስኪያልቅ ድረስ... ሲመልስ ነው ያደረው።

ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለሐዘን የመጣው ሰው ሁሉ "እናትሽን በወጉ ጦረሻል፣ ምርቃቷ ይደርስሻል" ይላታል። እኔም ብያታለሁ። አቀርቅራ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እኛ ሐዘኑ ነው ብለን አዘንንላት።

ስልኩን ቀጥቅጣ ስብርባሪውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለችው።

እንቅልፍም አብሮ ተጣለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብንን። ልቧ ድው ድው ይላል። ላብ ያጠምቃታል። "ይሄኔ ነው የጠራችኝ" ትላለች ለራሷ። "ይሄኔ ነው አንዱን ጫማ ያደረገችው።" በቃ፣ እስኪነጋ ጣሪያ ላይ ማፍጠጥ ነው።

ቀኑም አላሳረፋትም። መናኸሪያው ውስጥ ድምፅዋ ከላይ በተናገረ ቁጥር ትሳቀቃለች።

"ድምፄን አውጣልኝ" አለችው ቴክኒሻኑን። "ሌላ ሰው ይቅዳ።"

"ምነው፣ ከራስሽ ጋር ተጣላሽ እንዴ? ሰው እኮ ለምዶሻል።"

"ለዚያ ነው።"

ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ጎረቤቷ ነርስ ናት፤ ሲስተር ነው የምንላት። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆመቻት።

"አንቺ፣ መስታወት የለሽም ቤት?"

"እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሲስተር።"

"እንቅልፍ እንደ ድመት ነው። ስትጠሪው ይሸሻል፣ ስትተዪው ይመጣል። ካልመጣልሽ ከአልጋው ውረጂ። ሰዓት አትይ፣ ስልክ አትነካኪ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ ወደ ውጭ የምታወጪው ይርዘም። ሆድሽን የሚበላ ነገር ካለ ደግሞ ለሰው ተናገሪው።"

"ምንም የለም።"

"ምንም የሌለው ሰው ዓይኑ እንዲህ አይጎደጉድም፣ እናቴ።"

ሚጡ የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች፤ የመጨረሻዋን ብቻ ትታ። ሰዓቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ወተት አሙቃ ጠጣች። እውነቷን ነው፣ ትንሽ ተሻላት።

ከዚያ አንድ ሌሊት...

አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ... ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ...

ትንፋሹ ረዘመ።

እሷ ጨርሳለች። የምትሰማው ትንፋሽ ግን አልጨረሰም።

አፏን በመዳፏ ያዘች። ከኮሪደሩ ማዶ ነው። ከእማዬ ክፍል።

ከዚያ ደግሞ...

"አለሁ እማዬ። ተኚ።"

የገዛ ድምፅዋ ነው።

ጠሪ የለም። መልሱ ብቻ።

"የእንቅልፍ እጦት ነው" አለች። "ጆሮዬ ነው" አለች። በነጋታው ሌሊት ግን መልሶ መጣ። በሦስተኛውም እንዲሁ።

ስልኩ ላይ የቀዳችው ጥርት ያለ የመናኸሪያ ድምፅ ነበር። ይሄኛው ጎርነን ይላል። ይደክመዋል። በሽተኛ ሲያስታምም ያደረ ሰው ድምፅ ነው።

ቃሉም እየጨመረ ሄደ።

"ውሃ ልስጥሽ?" ይላል። "ደገፍ በይኝ... እንዲህ... ቀስ... አይዞሽ እማዬ፣ ይኸው መጣሁ።"

ሚጡ ያላለችውን። ማለት የነበረባትን።

ብርድ ልብሱን ነክሳ አለቀሰች።

"ፍርሃቱንስ እችለው ነበር" ብላኛለች። "ሐፍረቱ ነው እንጂ። እዚያ ክፍል ያለችው... ከኔ ትሻላለች።"

አንድ ቀን ጠዋት እንደምንም ደፍራ ገባች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ራስጌው ያለው ጠረጴዛ ላይ ግን ብርጭቆ አለ። እስከ ግማሹ ውሃ አለው። ጠርዙ ላይ የከንፈር ምልክት።

የዚያኑ ዕለት ደወለችልኝ። እሑድ አልነበረም።

"እትዬ፣ ነይልኝ።"

"ምን ሆነሽ?"

"ነይልኝ ብቻ።"

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ደነገጥኩ። ልብሷ ላይዋ ላይ ተሰቅሏል። ከሰውነት ተራ ወጥታለች።

ማታ እንደ ልጅነታችን አንድ አልጋ ላይ ተጋደምን። በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረችኝ። መጋረጃውን። ስልኩን። ባትሪውን።

ምን አፍ አለኝ? እኔ እኮ ስልክ እንኳ አላስቀመጥኩላትም።

"እትዬ... እርገሚኝ።"

"ዝም በይ። በየትኛው አፌ።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ለኔ መናገርሽ ምን ይጠቅምሻል። ለእማዬ ንገሪያት። ካጠፉት ሰው ፊት ቆሞ ነው ማረኝ የሚባለው።"

"ሞታለች እኮ።"

"ለፈጣሪ የሞተ የለም።"

ይሄን ብዬ አፌን ሳልዘጋ...

"አለሁ እማዬ። ተኚ።"

በጆሮዬ ሰማሁት። ከኮሪደሩ ማዶ።

ሚጡ አጠገቤ ናት። ፊቷ ከፊቴ ስንዝር አይርቅም። ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

"ሰማሽው?" አለችኝ።

ጸሎት ጀመርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት... መሀል ላይ ጠፋኝ።

ሚጡ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

"የት ነው?"

"ልነግራት ነዋ።"

"ቆይ፣ መብራት ላብራ።"

"ተዪው፣ እትዬ። እሷም በጨለማ ነው የጠራችኝ።"

ባዶ እግሯን ወጣች። ተከተልኳት፣ ግን ከኮሪደሩ አላለፍኩም። በሩን ገፋ ስታደርገው ሰማሁ። ውስጥ የነበረው ድምፅ ጸጥ አለ።

አልጋው ላይ ስትቀመጥ ሰማሁ።

"እማዬ" አለች። "ያን ሌሊት የመለሰልሽ እኔ አልነበርኩም። ስልክ ነው። እኔ በሬን ዘግቼ ተኝቼ ነበር።"

ምንም የለም።

"አውቀሽ ነበር?"

አፍንጫዋን ሳበች።

"ደክሞኝ ነው እማዬ... ደክሞኝ ነው።"

አልጋው ሲጥ አለ። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ሲለቅ እንደሚለው።

እኔ ግድግዳውን ታክኬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ የሰማሁትን መጀመሪያ ማመን አቃተኝ።

ሚጡ ታንኮራፋለች።

እስኪነጋ ከዚያ አልተነሳሁም። ማንም አልገባም። ማንም አልወጣም።

ሲነጋ ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እንደ ሕፃን ተሰብስባ ተኝታለች። እግዜር ይመስገን ብዬ ልስማት ጎንበስ አልኩ።

ፀጉሯን አየሁት።

ማታ ብትን ያለ ፀጉር ነበር። አሁን በአንድ በኩል ተጎንጉኗል። ቀጭን፣ ጥብቅ ያለ፣ ወደ ግራ የሚያጋድል ጉንጉን። እናታችን ግራኝ ነበረች። ልጆች ሳለን ሁለታችንንም የምትጎነጉነን እንዲህ ነበር፤ ከሺህ ሰው እጅ እለየዋለሁ።

ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ እንደተበተነ ነው።

ሚጡ ነቅታ ዳሰሰችው። አልጮኸችም።

"ልፍታልሽ?" አልኳት።

"ተዪው።"

"እንዲህ ሆነሽ ሥራ ልትሄጂ?"

"ተዪው አልኩሽ፣ እትዬ።"

በግማሽ ጉንጉን ሥራ ሄደች። ማታ ተመልሳ እራቷን ጥርግ አድርጋ በላች። ሳህኗን አጠበች። ከዚያ "ዛሬ አንቺ በኔ አልጋ ተኚ" ብላኝ እማዬ ክፍል ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችው።

እኔን እንቅልፍ የት አባቱ ያውቀኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። በግድግዳው እየተሳብኩ ሄጄ በገርባባው በር አጮለቅኩ።

የመንገዱ መብራት በመስኮቱ ይገባል። ሚጡ አልጋው ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ከሱ ግን ራቅ ብላ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ዓይኗ ተከድኗል። ተኝታለች... በሰላም፣ በረጅሙ ትተነፍሳለች።

ከኋላዋ ማንም የለም።

ራሷ ግን ባልተጎነጎነው በኩል በቀስታ ወደ ኋላ ይሳባል። ይለቀቃል።

ደግሞ ይሳባል።