ጁሀራ ያልጠየቀችው

ጁሀራ ኢታናን የጠላችው ልክ እንደወደደችው ነው፤ ሳትሰስት። ሁለቱም ሮቤ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ወዚር ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ ሲናና ገጠር በአጎቷ ጎተራ ውስጥ ሲደበቅ፣ ከቤተሰቡ ውጭ ያወቀው ኢታና ብቻ ነበር። ወዚር ተያዘ። ከዚያ ወዲህ የኢታናን ዓይን ማየት አስጠላት።

የባሰው ደግሞ የፈተና ጥያቄ አብረው እንዲያወጡ መታዘዛቸው ነው። ኃላፊያቸው መሸሻ «ፋይንድ አውት» የሚለውን ሐረግ ከነተመሳሳዮቹ አዘጋጁ ብሏቸው፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«‹ዲስከቨር› እዚህ አይገባም» አለ ኢታና ቀና ሳይል። «እሱ ማንም ያላወቀውን ለማግኘት ነው። ይኼኛው ጠይቆ፣ አጣርቶ ለማወቅ ነው።»

«ምሳሌ ልስጥ?» አለች ጁሀራ፣ በማረፊያው ያሉት መምህራን ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «‹ቀበሌዎች የወዚርን መደበቂያ አወቁ።› ከማን እንዳወቁ ጓድ ኢታና ይጨምሩበት። ሰው መሸጥ ያውቁበታል!»

አንቱታዋ ከስድቡ ይበልጥ እንዲያመው ፈልጋ ነበር፤ አመመውም። ጠመኔውን ይዞ ወጣ። የእሷ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ቤት ገብታ ይህንኑ ስትፎክር የአባቷ የሐጂ ቀመር ፊት ጠቆረ።

«ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አደረግሽ?» አሉ። «ወዚርን ከጎተራው ጎትተው ያወጡት መስሎሻል? አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ በእሱ ምትክ እኔን ማሰራቸውን ሲሰማ በገዛ እግሩ መጥቶ እጁን ሰጠ። እስከ ቀበሌው በር የሸኘው ኢታና ነው። ወዚር ‹እህቴ አባባን ይዘው እንዳስገደዱኝ ከሰማች ቀበሌ ሄዳ ትሳደባለች፤ እሷንም ያስሯታል› ብሎ ሁለታችንንም አስማለን። ወላሂ፣ ኢታና ያን ቀን ያለቀሰውን እኔ የወዚር አባት አላለቀስኩም።»



በማግሥቱ ጁሀራ ኢታናን ማረፊያው ውስጥ ብቻውን ደብተር ሲያርም አገኘችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ፈረድሽብኝ እንጂ!»

«ይቅር በለኝ።»

«አልልም! ሌባ ብትይኝ እረሳው ነበር። ወዚርን ሸጥክ አልሽኝ፤ ያውም በሰው ፊት። ውጪልኝ!»

አልወጣችም። ይህን ሰው ትወደዋለች፤ አንገቷን ደፍታ ከወጣች ደግሞ ተመልሳ ለመግባት ወኔ እንደማይኖራት ታውቃለች።

«ነገም እመጣለሁ» አለች።

«ነገም እሰድብሻለሁ።»

«ስደበኝ» ብላ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።