መጀመሪያ የወጣው እጅ

መምህር ወንድይፍራው የሞተው በ1977 ዓ.ም. አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ዲላ ውስጥ፣ በቀበሌው አዳራሽ መድረክ ላይ፣ ሦስት መቶ ሰው ቁጭ ብሎ እያየው ነው። በራሱ ድርሰት ውስጥ የአባትየውን ሚና ይጫወት ነበር። ብርሌውን አነሳ፤ «ልጄ፣ በሰላም ግባ» አለ፤ ብርዙን ፊቱን አጨማዶ ጨለጠው። ጥቂት እንደቆየ አረፋ ደፍቆ ተዘረረ። ሕዝቡ ትወና መስሎት አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አልጣሽ ታሰረች። አልጣሽ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ብርዙን የበጠበጠችውም እሷ ናት። የቀበሌው ምክትል ሊቀመንበርና የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ጓድ ሽብሩ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ቋጨው። ጴንጤ ናት፤ ጴንጤ አብዮቱን ይጠላል፤ የሚጠላ ይመርዛል፤ አለቀ። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ አዋሳ የሚወስዳት መኪና ይመጣል ተባለ። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ካለ እስቲ ንገሩኝ።

ፖሊስ ጣቢያው ጉዳዩን ለሃምሳ አለቃ ሸዋነሽ ሰጠ። እንድትመረምር አይደለም፤ ወረቀቱን እንድታሟላ ነው። የጣቢያው አዛዥ ሻምበል እስከ ስድስት ሰዓት ዝጊው አላት። ሸዋነሽ ግን ዝጊ ሲሏት የምትከፍት ሴት ናት። በዚያ ላይ እሁድ ዕለት አዳራሹ በር ላይ ለጥበቃ ቆማ ሰውየው ሲወድቅ በዓይኗ አይታለች።

ድርሰቱ በአገሩ ታይቶ የማያውቅ ዓይነት ነበር። ወንድይፍራው ታሪኩን እንደ ቡና ዛፍ ነው የሠራው፤ ግንዱ አንድ፣ ቅርንጫፉ ሁለት። ታጣቂው ለአንድ ቤት ልጅ የውትድርና መጥሪያ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ጨዋታው ይቆምና ተመልካቹ ይጠየቃል። ልጁ ይሂድ ወይስ ይቅር? ይሂድ ከተባለ አባትየው የስንብቱን ብርሌ ይጠጣል። ይቅር ከተባለ እናትየው ልጁን ደብቃ ያንኑ ብርሌ ለታጣቂው ታቀርባለች። ሽብሩ የሚመካው በዚህ ነበር። ሕዝቡ እስኪመርጥ ድረስ ማን እንደሚጠጣ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ማንም ቢሞት ደንታ የሌላት ጠላት ናት ያደረገችው ይላል።

ሸዋነሽ ሰኞ በማለዳ አመለወርቅን አስጠራች። አመለወርቅ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ የእናትየዋን ሚና የምትጫወተውም እሷ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ዲላ አጠገብ ባለችው ጪጩ ድርሰቱን ሲያሳዩ ምርጫው በእጅ እንዳልነበረ ተናገረች። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀይ እሸት ቡናና አንድ ደረቅ ፍሬ ይሰጠዋል። ይቅር የሚል እሸቱን፣ ይሂድ የሚል ደረቁን በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ማን ምን እንደጣለ አይታይም። ጨርቁ ሲገለጥ ቅርጫቱ እሸት በእሸት ሆኖ ተገኘ።

«ታዲያ ዲላ ላይ ለምን በእጅ ሆነ?»

«ከቀበሌ ታዘዘና። ወንድይፍራው ‹በእጅ ከሆነ ምርጫ አይደለም፣ ስብሰባ ነው› ብሎ ተቆጣ። ማን ሊሰማው!»

«ይቅር ከተባለ በኋላ ምን ይመጣል?»

«አንድ የቀበሌ ሹም የገዛ ልጁን ስም ሰርዞ የአንዲት ድሃ ብቸኛ ልጅ ስም ይጽፋል። ወንድይፍራው ለቀበሌው አሳይቶ ያስፈቀደው ‹ይሂድ› የሚለውን መንገድ ደብተር ብቻ ነበር። የጪጩ ወሬ ግን በማግስቱ ዲላ ገባ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአልጣሽ ልጅ ወደ ጦር ግንባር የሄደው እንደዚያ ነው።»

በማን ልጅ ፈንታ እንደሄደ ስትጠየቅ አመለወርቅ ዞር ብላ በሩን አየች። ሸዋነሽ አልተጫነቻትም። ወንድይፍራው የአልጣሽን በደል አደባባይ ያወጣላት ብቸኛ ሰው እንደሆነ ገብቷታል። እሱን ገደለች ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

ቀጥሎ ኸድሩ ቀረበ፤ የአባቱን ኤንትሬ የጭነት መኪና የሚነዳ ጎረምሳ ነው፤ በድርሰቱ ታጣቂው እሱ ነው። መጋረጃው ሳይከፈት በሟቹ ላይ ሲጮህ ተሰምቷል።

«ምን ሆነህ ጮህክበት?»

«የእንጨቱን ጠመንጃ አጣሁት። ይቅር ከተባለ በሁለተኛው መንገድ ላይ ያለ ጠመንጃ አልገባም። እሱ የደበቀብኝ መስሎኝ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ጓድ ሽብሩ ከመጋረጃው ኋላ፣ ብርሌው ከተቀመጠበት በኩል መጥቶ ‹ዛሬ አያስፈልግህም› አለኝ። ተውኩት።»

ሸዋነሽ ይህ የተባለው ሕዝቡ ከመጠየቁ በፊት መሆኑን ሁለት ጊዜ አስደግማ ጻፈች። ከዚያ ወደ ባዶው አዳራሽ ሄደች። እሁድ የቆመችበት በር ላይ ቆማ ቀኝ እጇን አነሳች። አዎ፣ ይሂድ ሲባል እሷም እጇን አውጥታለች። ማንን አይታ እንዳወጣች ራሷን ጠየቀች። መልሱ ሲመጣላት በራሷ አፈረች፤ ከዚያ ተናደደች።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ሻምበሉና ሽብሩ ከፊት ተቀመጡ፤ አመለወርቅና ኸድሩ መድረኩ ጥግ ቆሙ፤ አልጣሽ እጇ በገመድ ታስሮ በሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መካከል ናት። እሁድ ዕለት ከነበረው ሕዝብም የተገኘው ሁሉ ተጠርቷል።

«ጓድ ሽብሩ፣ ማን እንደሚጠጣ የሚያውቅ የለም ብለዋል» አለች ሸዋነሽ። «አንድ ሰው ያውቅ ነበር።»

«የመረጠው ሕዝቡ ነው።»

«ሕዝቡ የመረጠው ጪጩ ላይ ነው፤ የሚያየው ስላልነበረ። እዚህ ቅርጫቱ ቀረ። ያስቀረው ሰው እኛን ያውቀናል። በዚህ ዘመን የፊተኛውን እጅ ሳያይ የራሱን የሚያወጣ የለም። እኔም አውጥቻለሁ። ያወጣሁት የእርስዎን እጅ አይቼ ነው። ከእርስዎ በፊት የወጣ እጅ ያየ ካለ ይናገር።»

ሰው ሁሉ ወለሉን ያይ ጀመር።

ሽብሩ ሳቀ። «እጅ ማውጣት ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ኸድሩን ግን ‹ዛሬ አያስፈልግህም› ብለውታል፤ ሕዝቡ ገና ሳይጠየቅ። ሁለተኛውን መንገድ አስቀድመው ዘግተውታል። መንገዱን የዘጋ ሰው ብርሌውን ማን እንደሚያነሳ ያውቃል። ድርሰቱን ቢያግዱት ምን ነበረበት ተብሎ ይጠየቃል። ደራሲው ከሞተና እትዬ አልጣሽ ከታሰረች ግን የሚጠይቅ አይኖርም። አሁን የጠፋውን ጠመንጃ ለመፈለግ የቢሮዎን ቁም ሳጥን እንክፈተው።»

ሽብሩ እምቢ ሊል ነበር። ሻምበሉ ግን ሰው ሁሉ እያየው ነውና ለቁልፉ እጁን ዘረጋ። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የእንጨቱ ጠመንጃ ወጣ፤ ከጠመንጃው ኋላ ግማሹ የጎደለ የቡና ተባይ መርዝ ጠርሙስ ወጣ። ሽብሩ ጠርሙሱን ለመጣል እንኳ አልተቸገረም፤ የሱን ሳጥን ማን ደፍሮ ይፈትሻል!

«አልጣሽ ናት ያስቀመጠችው» አለ ሽብሩ።

«ቁልፉ ከወገብዎ ወርዶ አያውቅም» አለች ሸዋነሽ።

ያኔ አመለወርቅ ከመድረኩ ጥግ ወደ ፊት ወጣች። «የአልጣሽ ልጅ የሄደው በእሱ ልጅ ፈንታ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። የጻፈው ወንድይፍራው ብቻ ነው።»

ሻምበሉ ሽብሩን አስነስቶ አስወጣው። ሸዋነሽ የአልጣሽን ገመድ በራሷ እጅ ፈታች፤ ነፃ እንደወጣችና ወደ ቤቷ መሄድ እንደምትችል ነገረቻት። አልጣሽ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ሃምሳ አለቃ፣ እሁድ እኔም ከኋላ ቆሜ ነበር» አለች። «ልጁ ይሂድ ሲባል እኔም እጄን አወጣሁ። የእኔ ልጅ እዚያ እያለ፣ ይሂድ ብዬ አወጣሁ።»

አልጣሽ ገመዱ ያሰመረበትን እጇን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።