ከማሽኑ ጩኸት ውጪ

በልብስ ፋብሪካው «ኩሩዋ» ነበር የሚሏት። ከስፌት መስመሩ ሁሉ ፈጣኗ ሰፊ ናት፤ ግን ከኋላዋ ሰላም ቢሏት ዞር አትልም። ሁለቱም ጆሮዎቿ ከዓመት ዓመት እየደከሙ መምጣታቸውን ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

መካኒኩ ወጣት ግን ኩራት አላየባትም። ማሽኗ ክር በበጠሰ ቁጥር እየመጣ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ጎንበስ ብሎ ያወራታል። እሷም ትመልስለታለች፣ ትስቃለች። የሚገርመው፣ የሰው ድምፅ የሚጎላላት ጩኸት ባለበት ነበር። ማሽኗም በዚያ ሰሞን ክር መበጠስ አበዛ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ፣ ጭር ባለው ኮሪደር ተከተላት። ሲያብሰለስል የከረመውን ነገር ከኋላዋ ሆኖ ነገራት።

ዞር ሳትል በሩን ከፍታ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ማሽኗን ሌላ ሰው ሆነ የሚጠግንላት። ግራ ቢገባት በምሳ ሰዓት ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ምን አስቀየምኩህ?»

«እወድሻለሁ አልኩሽ፤ ጥለሽኝ ሄድሽ።»

ቃሉን ከከንፈሩ ላይ ለቀመችው። ክው አለች።

«አልሰማሁም» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «ጆሮዬ እኮ... ለሰው መናገር አፍሬ ነው።»

«ሐኪም አይቶሽ ያውቃል?» አላት።

ሐኪም ዘንድ አብሯት ሄደ። በመሃል ጆሮዋ ያለችው ትንሿ አጥንት ደርቃ አልንቀሳቀስ ብላለች፤ በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ ትተካለች ተባለ። ብዙዎች በደንብ ይሰማሉ፤ ጥቂቶች ግን የቀረቻቸውንም የመስማት አቅም ያጣሉ።

እናቷ መካኒኩ ላይ ጮኹበት። «ጨርሰህ ልታደነቁርብኝ ነው? ያለቻትን ይዛ ትኑር!»

«እኔ ብትሰማም ባትሰማም እፈልጋታለሁ፣ እማማ። ውሳኔው የእሷ ነው።»

ልጅቷ የሁለቱን ከንፈር ተራ በተራ ስታይ ቆይታ፣ «በአንዱ ጆሮዬ እሞክራለሁ» አለች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምድር ዞረባት። ጆሮዋ እንደተደፈነ፣ ምላሷም ብረት ብረት እንዳለው ሰነበተ። በልቧ ተስፋ ቆረጠች።

ሐኪሙ የጆሮዋን ማሸጊያ ያወጣ ዕለት፣ ከጎኗ የሚንኮሻኮሽ ነገር አስደነገጣት።

«እማዬ፣ ኧረ ፌስታሉን ተይው!»

እናቷ ፌስታላቸውን እንደታቀፉ ተንሰቀሰቁ።

ምርመራው የታከመው ጆሮዋ ከጤነኛ ጆሮ እምብዛም እንደማያንስ አሳየ። የሌላው ተራ ገና ነው።

መካኒኩ ከሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ይጠብቃት ነበር። በዳነው ጆሮዋ በኩል ተጠጋና በሹክሹክታ «ታገቢኛለሽ?» አላት።

ዓይኗን ጨፈነች። ለካ ድምፁ እንዲህ ለስላሳ ኖሯል!

«አዎ» አለች። «በል እማዬም እንድትሰማ ጮክ ብለህ ተናገር።»

«መጮህ ምን ያደርጋል» አሉ እናቷ ከኋላቸው፣ እንባቸውን እየጠረጉ፤ «እኔ እንደሆን ጆሮዬ ደህና ነው።»