ሁለት አንደኛ ፎቅ ያለው ሕንፃ

«በግራ! በግራ በኩል ነው ያልኩሽ!»

ሹሊን ደረጃው መሃል ቆማ ጮኸች። ኬዪ ግን ወደ ቀኝ ታጥፋ፣ ልብስ ከተሰጣበት ቀርከሃ ስር ጎንበስ ብላ ተሰውራለች። ወዲያው የማን እንደሆነ ያልታወቀ እርጥብ ሱሪ ከፊቷ ላይ እየገፈፈች፣ እየሳቀች ተመለሰች።

«መንገዱ የሰው ሽንት ቤት በር ላይ ነው የሚያልቀው» አለች።

«ነግሬሽ ነበር!»

«እሺ እመቤቴ፣ ምሪን በቃ!»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወረዱ። የቅዳሜ ጠዋት ጉም ከወንዙ ላይ ገና አልተነሳም። ከራሳቸው በላይ በድልድይ የሚሄደው የከተማው ባቡር በሁለት ሕንፃዎች መካከል እያጓራ አለፈ። ከሥራቸው ካለው የኑድል ቤት የሚወጣው የበርበሬ ዘይት ሽታ አፍንጫ ይሰረስራል። ኬዪ ሁለቴ አስነጠሳት፤ አልቆመችም።

ከትምህርት ቤቱ የተነሱት ስድስት ጥንዶች ናቸው። ውድድሩን ያዘጋጁት የጂኦግራፊ መምህሯ ጂያንግ ሲሆኑ ደንባቸው አጭር ነበር፦ ከኮረብታው ጫፍ እስከ ወንዙ ወደብ በእግር ብቻ፤ ስልክ የለም፣ ሊፍት የለም። በየመንገዱ ካሉ ሦስት ሰዎች ማኅተም አስመትቶ እስከ አራት ሰዓት መድረስ። ቀድሞ የደረሰው ጥንድ በሚቀጥለው ወር ከሌላ ከተማ ለሚመጡት ተማሪዎች የሰፈሩ መሪ ይሆናል።

ሹሊን ይህን የፈለገችውን ያህል ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ኮረብታማዋ የቾንግቺንግ ከተማ የመጣችው ዳገት ከሌለበት አገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠፍታ ዋለች። የክፍሏ ልጅ ፑ ሃኦ ይህን ሲሰማ «ሜዳ» ብሎ ሰየማት፤ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በኋላ ብቻዋን በየጓሮው፣ በየቅያሱ ስትዞር ከርማለች። አንዳንዱን ደረጃ በቁጥር ታውቀዋለች።

የመጀመሪያው ማኅተም ያለው ዋርካው ሥር ወንበር ዘርግተው ከሚሠሩት ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ነበር። እጃቸው እስከ ክንዳቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል።

«ኪሴ ውስጥ ነው፣ አንቺው አውጪው» አሏት ሹሊንን።

«የትኛው ኪስ ጋሼ?»

«ማበጠሪያ የሌለበት።»

በሁሉም ኪስ ማበጠሪያ አለ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ደንበኛ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶ «ልጆቹን ሸኛቸው እንጂ ሰውዬ! ሚስቴ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ አታስገባኝም!» ብለው ጮኹ። ማኅተሙ በመጨረሻ ከፀጉር አስተካካዩ የሸሚዝ ኪስ ወጣ።

ሁለተኛው በጦርነት ጊዜ ሰው ከቦምብ ይሸሸግበት በነበረው ዋሻ ውስጥ ካለው ሻይ ቤት ነበር። እዚያ አልቆዩም፤ ቅዝቃዜው ላባቸውን ሳያደርቀው ወጡ።

ሦስተኛው መስመር ካርዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ ቺን፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ሰማያዊው ሕንፃ፣ አንደኛ ፎቅ።»

«እሱማ ቀላል ነው፣» አለች ኬዪ። «አክስቴ እዚያ ናት የምትኖረው።» እዚህ አገር አንደኛ ፎቅ የሚባለው ከመንገድ በቀጥታ የሚገባበት ነው፤ እነሱም ከላይኛው መንገድ ዘው ብለው ገቡ። በኮሪደሩ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና ማህጆንግ የሚባለውን የድንጋይ ጨዋታ የሚጫወቱ አራት ሴቶች አሉ። ሰዓት ጠጋኝ የለም። ፑ ሃኦና ጓደኛው ቀድመው ደርሰው በር ያንኳኳሉ።

«ሜዳ! እዚህም ጠፋሽ እንዴ?» አለ ፑ ሃኦ።

«አንተስ ምን ታደርጋለህ? በር ትቆጥራለህ?» አለችው ኬዪ።

ከተጫዋቾቹ አንዷ ድንጋይዋን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ «ሰዓት ጠጋኝ ነው የምትፈልጉት? እዚህ ያለነው ሰዓት የረሳን ብቻ ነን!» ስትል ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ።

ሹሊን በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው መስኮት ሄደች። ወደ ታች አየች። እጅግ ከሥር፣ በጉሙ ውስጥ፣ የአውቶቡስ ጣሪያ ሲሄድ ታየ። ሌላ መንገድ ነው። ሕንፃው እግሩን እዚያ ተክሎ ጀርባውን ለኮረብታው ሰጥቷል።

የኬዪን እጅጌ ሳብ አደረገች። «ሌላ አንደኛ ፎቅ አለ» አለች በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ታች። በታችኛው መንገድ የሚገባ ሰው አንደኛ የሚለው የዚያኛውን ነው።»

ኬዪ ራሷ በመስኮቱ ወደ ታች አየች። ተወልዳ ያደገችው እዚህ ነው፤ አክስቷ ቤት ስትመጣ ግን ሁሌም በላይኛው በር ስለምትገባ ሕንፃው ከዚያ የሚጀምር ይመስላት ነበር።

ቀስ ብለው ወጡና ደረጃው ላይ ሲደርሱ መሮጥ ጀመሩ። አሥራ አንድ ፎቅ ነው። የአትክልት ማሰሮ፣ አሮጌ ብስክሌት፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራ የሚሠራ ሕፃን። ባቄላ የሚፈለፍሉ አሮጊት «ቀስ! ባቄላዬን!» ብለው ጮኹ። ስድስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሸክም ተሸካሚ በትከሻው ባጋደመው ቀርከሃ ሁለት ቅርጫት ብርቱካን አንጠልጥሎ ሲወጣ አገኙ። ሹሊን ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አሳለፈችውና ሩጫዋን ቀጠለች። ኬዪ የምትከተላት መስሏት ነበር።

መጨረሻው ላይ ስትደርስ ኬዪ የጋሼ ቺን ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ ማኅተም የተመታበትን ካርድ እያውለበለበች ጠበቀቻት። ከጀርባዋ የሊፍቱ በር ጢን ብሎ ተዘጋ።

«ኬዪ...»

«በኋላ! ነይ!»

ወደ ወደቡ የሚወስደውን ሁለት መቶ ደረጃ እየሮጡ ሹሊን ስለ ሊፍቱ ጠየቀቻት። ኬዪ አልካደችም።

«አምስት ፎቅ ብቻ ነው። የፑ ሃኦ ኮቴ ከበላያችን ይሰማኝ ነበር። አንዴ አፉን ላዘጋልሽ ብዬ ነው፤ ለራሴ መሰለሽ?»

ደስታው ገና ሹሊን እግር ውስጥ ነበር፤ እግሯ ይሮጣል።

መምህርት ጂያንግ ወደቡ ላይ በምትታጠፍ ወንበር ተቀምጠው ሙቅ ውኃ ይጠጣሉ። ሲያዩአቸው ብድግ አሉ። «አንደኛ! ሦስት ሰዓት ተኩል! እንዴት አድርጋችሁ ነው?»

ሁሉም ተወዳዳሪ የሚፈርምበትን ወረቀት ዘረጉላቸው፦ «መንገዱን በሙሉ ሁለታችንም በእግራችን መጥተናል።» ኬዪ ጫር ጫር አድርጋ ፈረመችና እስክሪብቶውን ለሹሊን አቀበለቻት። ከላይ የፑ ሃኦ ድምፅ ተሰማ።

ሹሊን እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስጠጋች። ከዚያ ቀና አለች።

«መምህር፣ ጊዜው የሚያልቀው አራት ሰዓት ነው አይደል?»

«አዎ። ምነው?»

«የኬዪን ፊርማ ይሰርዙልን። የቀረን መንገድ አለ።»

መምህርቷ አንዷን፣ ቀጥሎም ሌላዋን አዩ። ከዚያም ፊርማው ላይ መስመር አሰመሩ።

«አብደሻል?» አለች ኬዪ ፊቷ ቀልቶ። «አንደኝነቱን ለእሱ ልትሰጪው ነው? ደግሞ አንቺ በእግርሽ ነው የወረድሽው። መመለስ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«ጥንድ ነን። ከስድስተኛው ፎቅ አብረን እንወርዳለን» አለች ሹሊን፤ እስክሪብቶውን መልሳ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

ፑ ሃኦ ካርዱን እያውለበለበ ሲወርድ ደረጃው ላይ ተገናኙ። «ወዴት ነው? ወንዙ እኮ በዚህ ነው!» አላትና እየሳቀ አለፈ። ሹሊን ጉንጯ እንደ እሳት ነደደ፤ እግሯ ግን ቀጠለ። ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። አርባ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ፣ ከዚያም የሚያለከልክ ድምፅ መጣ።

«ቆዪኝ አንቺ ግትር! ትንፋሼን ልሰብስብ!»

ሹሊን አልቆመችም። እርምጃዋን ግን ቀነስ አደረገች።