የአመለወርቅ ቁርጥራጮች

አመለወርቅ ያን ቅዳሜ ቁርሷን በልታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ የስፌት ክፍሏን በር ከፈተችና መስኮቱን ለመክፈት እጇን ዘረጋች። መስኮቱ በእርጥበት አብጦ አልከፈት አላት። ደብረ ሲና በዚህ ወቅት እንዲህ ናት፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ የቤቶቹን ቆርቆሮ እየዳበሰ ይወጣና ደጁን ሁሉ፣ ዛፉንም አጥሩንም የሰውንም ድምፅ፣ ውጦ ቁጭ ይላል። መስኮቱን ትታ መብራቱን አበራች። አምፖሉ ከክምሩ አናት ላይ ደካማ ቢጫ ብርሃን ጣለ፤ በጆንያዎቹ መካከል ያለው ጥላ ግን እንደነበረ ቀረ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ከስፌት መኪናዋና ከአንዲት በርጩማ በቀር ሰው የሚቆምበት ቦታ የለውም፤ የቀረው በሙሉ ጨርቅ ነው፤ ጆንያ በጆንያ ላይ፣ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ፣ እስከ ኮርኒሱ ድረስ። አመለወርቅ ልጅ ያሳደገችው ደሪቶ እየሰፋች ነው። ሰው አሮጌ ልብሱን ያመጣላታል፤ እሷ በትናንሹ ቆርጣ፣ አጋጥማ፣ ደራርባ፣ በወፍራም ክር ሰፍታ ብርድ የማያልፈው የአልጋ ልብስ ታደርገዋለች። ከደንበኞቿ ብዙዎቹ ሐዘንተኞች ነበሩ። እናቱ የሞተችበት የእናቱን ቀሚስ፣ ባሏን የቀበረች የባሏን ካፖርት ይዘው ይመጡና፣ ሲመለሱ የሚሞቅ ነገር ታቅፈው ይሄዳሉ። የተረፈው ቁራጭ እሷው ዘንድ ይቀራል። «የሞተ ሰው ልብስ መሐል ተቀምጠሽ መዋል አይከብድሽም?» ሲሏት ትስቃለች። ጨርቅ ጨርቅ ነው ትላለች።

ዛሬ ልጇ ማስተዋል ከአዲስ አበባ መጥታ ልትወስዳት ነው። ማስተዋል ከወለደች ወዲህ በደወለች ቁጥር፣ «እማዬ፣ እዚያ ብርድ ውስጥ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይና ልጁን አብረን እናሳድግ» ስትል ከርማ፣ አመለወርቅም አንገራግራ አንገራግራ በመጨረሻ እሺ ብላለች። ቤቱ ተከራይ ተገኝቶለታል፤ ያልጠራው ይህ ክፍል ብቻ ነው። የልጅ ልጇን ገና አላቀፈችውም። ፎቶውን በስልኳ ስታይ የምታስበው ስለ ክብደቱ ነበር፤ ክንድ ላይ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚከብድ።

ከእሷ ጋር የሚሄደውን በበሩ በኩል፣ ለጎረቤቷ ለብርቄ የሚሰጠውን በመስኮቱ ሥር፣ የሚጣለውን ከጥጉ ታደርግ ጀመር። ሥራው መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። እጇ ጆንያው ውስጥ ገብቶ አንድ ቁራጭ ሲይዝ፣ ገና ሳታወጣው የማን እንደሆነ ታውቀዋለች። ይህ ለስላሳ ከፋይ በሠርጓ ማግስት የታመመችው ሙሽራ፤ ይህ ሻካራ ካኪ የመንገድ ሠራተኛው፤ ይህ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ አቡጀዲ የቄሱ ሚስት። ለእያንዳንዱ ከንፈሯን እየመጠጠች ወደየቦታው ታኖረዋለች።

ከመጀመሪያው ጆንያ ሥር የወጣውን ግን አላወቀችውም። አመድማ ወፍራም ጨርቅ ነው፤ በእጅጌ ቅርጽ የተቆረጠ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ውኃ ባይነካውም የረጠበ ይመስላል። አፍንጫዋ ላይ ብታስጠጋው ከእሷ ክፍል ሽታ የተለየ፣ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ጓዳ የመሰለ ጠረን አለው። የማን ሊሆን እንደሚችል አሰበች፤ ፊት አልመጣላትም። የዚህን ሁሉ ሰው ልብስ ስታስታውስ ኖራ አንዱ ቢጠፋባት ምን ይደንቃል ብላ ከጥጉ ጣለችው።

በሁለተኛው ጆንያ ውስጥ ሌላኛው እጅጌ ነበር። በሚቀጥለው ማዳበሪያ፣ አፉ ከተሰፋ ዓመታት ባለፈው፣ ያው አመድማ ጨርቅ በደረት ቅርጽ ተቆርጦ ከሌሎቹ ቁርጥራጮች መሐል ተጣጥፎ ተቀምጧል። አመለወርቅ የአንገቱን ቅድ በጣቷ ተከትላ አየችው። አንገት ስትቆርጥ ከግራ በኩል ትንሽ ጠለቅ የማድረግ ልማድ አላት፤ ገና ልጅ ሳለች መቀስ አያያዝ ሲያሳዩአት የለመደችው ጉድለት ነው። ይሄም ከግራ ጠልቋል። ቁራጩን ወደ ጥጉ ስትወረውረው እንደ ጨርቅ ተንሳፍፎ አልወደቀም፤ ከብዶ አረፈ።

ውኃ ልትጠጣ ወደ ጓዳ ሄደች። ብርጭቆውን ከአፏ ሳታነሣ ከወዲያ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ሰማች። ከፍ ያለ አልነበረም፤ መርገጫውን በእግር ጣት ብቻ ነካ ነካ አድርገው ክሩ መግባት አለመግባቱን እንደሚሞክሩት ያለ፣ ታክ ታክ ብሎ የሚቆም ነው። ብርጭቆውን አስቀምጣ ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። መርፌው ግን ክር ገብቶበታል፤ ክሩም አመድማ ነው።

ስልኳ ሲጮህ ክው አለች። ማስተዋል ነበረች።

«እማዬ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞናል። መኪና ሁሉ ቆሟል።»

«አትቸኩሉ ልጄ። ልጁ ደኅና ነው?»

«ያለቅሳል። ከእኔ እጅ ከወጣ አበቃ፤ አባቱ እንኳን ሲይዘው አይወድም። አንቺ ጨረስሽ?»

አመለወርቅ ክፍሉን ዙሪያውን አየች። ከጠዋት ጀምሮ ስታወጣ ውላ ግድግዳው የሚታይበት ቦታ ሊኖር ይገባ ነበር። የለም። «ልጨርስ ነው» አለች።

ስልኩን እንደዘጋች በር ተንኳኳና ብርቄ ገባች፤ ለእሷ የተለየውን ጨርቅ ልትወስድ ነው። ብርቄ ወሬ የምትወድ፣ ደግ፣ ለታላቆቿ የምትታዘዝ ሴት ናት። ጆንያዎቹን ወደ ደጅ እያወጣች፣ «እትዬ አመለወርቅ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?» አለቻት።

«ለምን?»

«አሁን በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ሰላም ብልዎት ቀና ብለው አይተውኝ ዝም አሉ። ልክ እንደማያውቁኝ።»

«እኔ ጓዳ ነበርኩ ብርቄ።»

ብርቄ ፈገግ አለች። «እንግዲያው ጉሙ ይሆናላ። ሰው ከሰው ያሳስታል ይሄ ጉም።» ከዚያ ግን ፈገግታዋ ሳይጠፋ ዓይኗ ወደ ጥጉ ሄዶ ትንሽ ቆየ። «አብሬዎት ልዋል? ለብቻዎት ከበደዎት መሰለኝ።»

አዎ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምን ብላ ታስረዳለች? ጨርቅ ፈራሁ? የሰፈሩን ሬሳ ልብስ ሁሉ በጭኗ ላይ ስትቆርጥ የኖረች ሴት? «ምንም አይቀረኝም፤ ሂጂ» አለቻት። ለስንብት ከወገቧ የማይለየውን መቀሷንም ሰጠቻት፤ አዲስ አበባ ምን ልቆርጥበት ነው በማለት። ብርቄ ጉንጯን ስማ፣ የመጨረሻውን ጆንያ ተሸክማ ወጣች፤ ከአጥሩ ሳትደርስ ጉሙ ከእነ ጆንያው ዋጣት።

ልትሸኛት ደጅ የወጣችው አመለወርቅ ያኔ ክፍሉን ቆልፋ ደጅ ወንበር አውጥታ ልጇን መጠበቅ ትችል ነበር። አስባውም ነበር። ነገር ግን ስልኳን ስፌት መኪናው ላይ ረስታዋለች፤ ማስተዋል ደግሞ ደውላ ብታጣት ትደነግጣለች። ቶሎ አንሥቼ ልውጣ ብላ ገባች።

አመድማው ጨርቅ ከጥጉ የለም። መሐል ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ እጅጌዎቹ ከደረቱ፣ ደረቱ እሷ አውጥታ ካላየችው ወገብ፣ ወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሚደርሰው ጉርድ ጋር ተገጣጥሟል። በእጅ የተሰፋ ነው። ስፌቱ ጥቃቅን፣ እኩል፣ ችኮላ የሌለበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ መስመር የሚያልቀው እሷ እንደምታደርገው አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። ቁመቱ የእሷ ቁመት ነበር። ትከሻው ላይ፣ ዘንድሮ መጉበጥ በጀመረችበት በኩል፣ ለጉብጠቱ የሚሆን ቦታ ተትቶለታል።

ዓይኗን ከቀሚሱ ሳትነቅል እጇን ወደ ስልኩ ላከች። አልደረሰችም። ሌላ እርምጃ ልትራመድ ስትል እግሯ ወደ ኋላ ተያዘ። ጎንበስ ብላ አየች። የራሷ ቀሚስ ጠርዝ በአመድማ ክር ከበሩ አጠገብ ካለው ክምር ጋር ተሰፍቷል። በመርፌ የተዘለለ ቦታ የለውም፤ ዙሪያውን ነው። መቼ? ቆማ ነበር እንጂ አልተቀመጠችም። ክሩን በጣቷ ልትበጥሰው ሞከረች፤ ጣቷን ቆረጣት። በጥርሷ ልትነክሰው ተንበረከከች፤ ስትንበረከክ ደግሞ የእጅጌዋ ጫፍ ከወለሉ ጨርቅ ጋር ቀረ። እጇ በልማድ መቀሱን ከወገቧ ሲፈልግ ባዶ ነጠላ ጨበጠ።

«ብርቄ» ብላ ተጣራች። ድምፁ ከግድግዳው አልተመለሰም። በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ገባና እዚያው ቀለጠ።

ጠንክራ ስትጎትት ክምሩ ዘነበለ። ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም። በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያለብሱ ሆኖ፣ ከፋዩ፣ ካኪው፣ አቡጀዲው፣ የማይታወስ የሰው ሱፍ ሁሉ ትከሻዋ ላይ፣ ከዚያ ጭንቅላቷ ላይ ተደራረበ። ለመቆም ስትሞክር ከበዳት፤ ለመጮኽ ስትከፍት አፏ ውስጥ ገባ። የሰዎቹን ሁሉ ጠረን ሸተተች፤ ቅቤውን፣ ላቡን፣ የሆስፒታሉን መድኃኒት፣ ከዚያም በላይ ያንን የተዘጋ ጓዳ ሽታ። የአምፖሉ ብርሃን በጨርቆቹ መሐል እንደ ወንፊት ቀዳዳ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያት ነበር። ነጠብጣቡ አንድ በአንድ ጠፋ፤ እያንዳንዱ ሲጠፋ መርፌ ጨርቅ ወግቶ ሲያልፍ የሚሰማው ያ ቀጭን ጥቅ የሚል ድምፅ ጆሮዋ ሥር ይሰማታል። ክንዷን ልታነሣ ፈለገች። ከጎኗ ጋር ተሰፍቷል።

ከዚያ አንድ ሰው ከወለሉ ተነሣ። ጨርቁ ሲንኮሻኮሽ፣ ጉልበት ሲንቋቋ ሰማች። ቀኝ እግሩን ልክ እንደ እሷው ትንሽ እየጎተተ ወደ ጓዳ ሄደ። ውኃ ተቀዳ። እጅ ታጠበ። ጉሮሮ ተጠረገ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፤ አንድ ነገር በሚሞክር አኳኋን። ሦስተኛው የራሷ የአመለወርቅ ጉሮሮ ነበር።

መኪና ደጅ ቆመ። የሕፃን ለቅሶ ተሰማ።

«እማዬ!»

«መጣሁ ልጄ፤ መጣሁ» አለ ከጓዳ የወጣው ድምፅ። ሳቅ፣ መተቃቀፍ፣ የመሳሳም ድምፅ ተከተለ። «አምጪው እስቲ» አለ ድምፁ፤ ያን ጊዜ የልጁ ለቅሶ ከመሐሉ ተቆረጠ።

«ወይ ጉድ» አለች ማስተዋል። «ዝም አለ እኮ። እንደዚህ ሆኖ አያውቅም።»

አመለወርቅ በጨርቁ ውስጥ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስባ የልጇን ስም ጠራች። ከአፏ የወጣው የእስትንፋስ ሙቀት ብቻ ነበር። ቢሆንም የማስተዋል እግር ወደ ክፍሉ መጣ፤ በሩ ላይ ቆመ፤ ገባ። እጅ ከላይ አረፈባት፤ ግንባሯ ላይ፣ በትክክል። የልጇን መዳፍ አወቀችው። በዚያ መዳፍ ሥር ያለ የሌለ ኃይሏን አውጥታ ጭንቅላቷን ለመነቅነቅ ታገለች።

«እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ይሞቃል» አለች ማስተዋል ቀስ ብላ፣ እጇን ሳታነሣ። «ለልጁ ይዘነው እንሂድ?»

ልጁን የያዘችው ሴት ከበሩ ሆና ትንሽ አሰበች።

«ተይው ልጄ፤ ለብርቄ ነግሬአታለሁ፣ ነገ አውጥታ ታቃጥለዋለች።»